ደን ችግኝ በመትከል ብቻ አይለማም፤ የሠለጠነ እጅም ይሻል

በደቡብ ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች ክረምት በገባ ቁጥር ሕዝቡ ነቅሎ ወጥቶ ችግኝ መትከሉ የተለመደ ሥራ ሆኗል። በፋርጣ፣ በላይ ጋይንት፣ በእስቴና በእብናት ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ችግኝ ይታደላል፣ የተተከለውም ቁጥር ተመዝግቦ ለወረዳው ይላካል። በአገር ደረጃም ቢሆን የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ በተጀመረበት በ2011 ዓ.ም.፣ ሐምሌ 22 ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። ይህን ያህል ሕዝብ በአንድ ቀን ለአንድ ሥራ መነሣቱ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ በሐምሌ የተተከለውን በመስከረም አርሞና ኮትኩቶ፣ በጥር ከከብት ጠብቆ፣ በሦስተኛው ዓመት መንጥሮና ገርዞ ለአቅመ ደን የሚያደርሰው ማነው? ይህን ጥያቄ ያነሣ ሰው በብዙ ቀበሌዎች የሚያገኘው መልስ ዝምታ ነው። ጉልበት አልጠፋም፤ ፍላጎትም አልጠፋም። የጎደለው ሙያ ነው። ስለሆነም የየቀበሌው ገበሬ ማኅበር መሪዎች ከእንግዲህ ሊጠይቁት የሚገባው የችግኝ ብዛትን ብቻ ሳይሆን፣ በየቀበሌያቸው ተቀምጦ ደኑን የሚያስተዳድር፣ በአቅራቢያ ኮሌጅ የሠለጠነ የደን ሠራተኛን ጭምር ሊሆን ይገባል።

የጉና ተዳፋትና የጣና ዳርቻ

ከደብረ ታቦር በስተምሥራቅ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚታየው የጉና ተራራ የአካባቢው የውኃ ጎተራ ነው። ርብና ጉማራ ከዚሁ ተራራ ይነሡና የፋርጣን ተዳፋት አልፈው በፎገራ ሜዳ በኩል ወደ ጣና ይገባሉ። እነዚህ ወንዞች በክረምት ይዘውት የሚወርዱት ድፍርስ ውኃ ከደጋው እርሻ ላይ ታጥቦ የሄደ አፈር መሆኑን የማያውቅ ገበሬ የለም። በርብ ወንዝ ላይ የተሠራው፣ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝ የታቀደው ግድብም ዕድሜው የሚወሰነው ከበላዩ ያለው ተዳፋት በሚለብሰው ዛፍና ሣር ነው። ስለዚህ የጉና ደን የደጋው ሰው ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የፎገራ የሩዝ ገበሬም ጉዳይ ነው።

ከቀድሞው ደን የተረፈው አብዛኛው በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ነው። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው 168 ዓይነት እንጨታማ ዕፅዋት መዝግበዋል። ከእነዚህም 100ው ዛፎች ናቸው። ወይራ፣ የሐበሻ ጥድ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ዋንዛ ዛሬ ለመትከል ዘር ቢፈለግ የሚገኘው በአብዛኛው ከእነዚሁ ደኖች ነው። እኚሁ ተመራማሪ እንዳሳዩት ከብት በሚገባበት ደን ውስጥ ከዘር የበቀለው ቡቃያ አያድግም፤ ታጥሮ ሲጠበቅ ግን ደኑ ራሱን ይተካል። ከዚህ በኋላ በበርካታ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የድንጋይ ካብ ተሠርቶ ደኑ መጠበቁ ዕውቀት ከሕዝብ ጉልበት ጋር ሲገናኝ ምን ያህል ውጤት እንደሚሰጥ ያሳያል። ድንጋዩ ድሮም በየማሳው ነበር፤ ካቡንም የሚክበው ሕዝብ ድሮም ነበር። በመካከል የገባው አዲስ ነገር ለምን መታጠር እንዳለበት አጥንቶ የሚያስረዳ ባለሙያ ነው።

ሙያ ሲጎድል የሚደርሰው ኪሣራ

«ዛፍ ለመትከል ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልጋል?» የሚል ሰው አይጠፋም። መልሱን ከሥራው ቅደም ተከተል ማግኘት ይቻላል።

ሥራው ከዘር ይጀምራል። የሐበሻ ጥድም ሆነ ኮሶ ወንዴና ሴቴ ዛፍ አላቸው። ይህን ያልለየ ሰው ከወንዴው ሥር ዘር ሲፈልግ ይውላል። የወይራ ፍሬ አጥንት ጠንካራ በመሆኑ በጥንቃቄ ሳይሰነጠቅ ከተዘራ ለመብቀል ረጅም ጊዜ ይወስድበታል። ዘሩ ከአንድ ዛፍ ብቻ ከተለቀመም የሚወጣው ችግኝ ሁሉ የዚያኑ የአንዱን ዛፍ ድክመት ይዞ ይወጣል።

ቀጥሎ የችግኝ ጣቢያው አለ። በፕላስቲክ ከረጢት የሚፈላ ችግኝ ሥሩ በጊዜው ካልተቆረጠ ከከረጢቱ ሥር እየተጠቀለለ ይሄዳል። ከመተከሉ በፊት ባሉት ሳምንታትም ውኃውና ጥላው ቀስ በቀስ ተቀንሶ ካልጠነከረ በተራራው ንፋስና ውርጭ ይመታል። በተከላው ዕለት ከረጢቱ ሳይቀደድ ጉድጓድ ውስጥ የገባ ችግኝ ለሁለት ዓመት ለምልሞ ይታይና በሦስተኛው ይደርቃል። ይህ ሁሉ በአንድ የሠለጠነ ሰው ቁጥጥር ሊቀር የሚችል ጥፋት ነው።

ከሁሉም ይልቅ ለገበሬው ኪስ ቅርብ የሆነው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ በደቡብ ጎንደር ደጋ የብዙ ቤተሰብ የክፉ ቀን መጠባበቂያ ሆኗል። ነገር ግን በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው ብዙ ገበሬ የዛፉን ሙሉ ጥቅም አያገኝም። በመጀመሪያ ነገር አንዱን ሜትር ካንዱ ሜትር አጠጋግቶ ይተክላል። በዚህ አተካከል በአንድ ሄክታር 10,000 ዛፍ ይቆማል። ለማገርና ለቀጭን አጣና ይህ ሊያገለግል ይችላል። ለጣውላ ወይም ለወፍራም ምሰሶ የታሰበ ከሆነ ግን በሁለት ሜትር ተኩል ርቀት ተክሎ 1,600 ዛፍ ማሳደግ ይሻላል፤ አለበለዚያም በየጊዜው እያሳሱ መሸጥ ያስፈልጋል። የትኛው እንደሚበጅ የሚወስነው ገበያው፣ የመሬቱ ዓይነትና የባለቤቱ ፍላጎት ሲሆን፣ ይህን አመዛዝኖ የሚመክር ሰው በቀበሌው ውስጥ መኖር አለበት።

ሁለተኛው አቆራረጡ ነው። ባሕር ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ጉቶው ከመሬት ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ዝናብ እንዳይቋጥር ገደድ ተደርጎ በመጋዝ ከተቆረጠ ቅርፊቱ ሳይላጥ ብርቱ ቀንበጥ ይሰጣል። በምሣር ተጨፍጭፎ ከተሰነጠቀ ግን ይበሰብሳል። ከበቀለውም ብዙ ቀንበጥ አንድ፣ ሁለት ወይም ቢበዛ ሦስቱ ተመርጠው ሌላው ካልተቆረጠ ሁሉም ቀጥነው ይቀራሉ።

ሦስተኛው ልኬትና ሽያጭ ነው። ነጋዴ ወይም ደላላ መጥቶ ማሳውን በዓይኑ ገምቶ «በዚህ ያህል ልውሰደው» ሲል ገበሬው የሚከራከርበት ቁጥር የለውም። አንድ የሠለጠነ የደን ሠራተኛ በጨርቅ ሜትር ብቻ ይህን መለወጥ ይችላል። የዛፉን ዙሪያ ከመሬት አንድ ሜትር ከሠላሳ ከፍታ ላይ ለክቶ ለ3.14 ያካፍለዋል። ዙሪያው 63 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዛፍ ውፍረቱ 20 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ዙሪያው 31 ሳንቲ ሜትር ተኩል የሆነው ደግሞ 10 ሳንቲ ሜትር ነው። ሁለቱ ዛፎች በቁመትና በቅርጽ እኩል ከሆኑ ወፍራሙ የሚሰጠው እንጨት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው። እንግዲህ ነጋዴው ለወፍራሙ የቀጭኑን እጥፍ ከፍሎ ቢሄድ ባለማሳው ግማሹን እንጨት በነጻ ሰጠ ማለት ነው። ይህን ሂሳብ ነጋዴው ያውቀዋል፤ ገበሬውም ሊያውቀው ይገባል።

ከአዊ የሚወሰድ ትምህርት

በዚሁ በአማራ ክልል በአዊ ዞን፣ በተለይም በፋግታ ለኮማ፣ ገበሬዎች ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ከሰብል ጋር እያፈራረቁ በመትከልና ከጥቂት ዓመት በኋላ ከሰል አክስለው በመሸጥ ኑሯቸውን አሻሽለዋል። የደከመው አሲዳማ መሬትም ፋታ አግኝቷል። ይህ በገበሬው ብልሃት የተስፋፋ ሥራ ስለሆነ ምስጋና ይገባዋል። ሆኖም በቅርብ ዓመታት የዝገት በሽታ በዲከረንሱ ላይ ተነሥቶ ከባድ ጉዳት አድርሷል። አገሩን ሁሉ የሸፈነው አንድ ዓይነት ዛፍ በመሆኑ በሽታው ከማሳ ወደ ማሳ ለመዛመት የሚያግደው አላገኘም።

የደቡብ ጎንደር ደጋም ጠቅላላ ተስፋውን በባሕር ዛፍ ላይ ብቻ ከጣለ ተመሳሳይ አደጋ ሊገጥመው እንደሚችል መገንዘብ ያሻል። በየቀበሌው የበሽታን ምልክት ገና በጥቂት ቅጠል ላይ ሳለ የሚያውቅ፣ ናሙና ለምርምር ማዕከል የሚልክ፣ የተበከለ ችግኝ ከጣቢያው እንዳይወጣ የሚከለክል ሰው ቢኖር ጉዳቱን መቀነስ ይቻላል። ገበሬው በሽታውን የሚያየው ማሳው ከቀላ በኋላ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ብዙው ነገር አልፏል።

ሥልጠናው ከየት እስከ የት ደረሰ

ሙያን በዚህ አካባቢ ለማስተማር መሞከር አዲስ አይደለም። ከደብረ ታቦር አጠገብ በሚገኘው ጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው ወጣቶች ከእነርሱ ጋር እየሠሩ እንዲማሩ አድርገዋል፤ ሴባስቶፖል የተባለውም መድፍ የተሠራው እዚያው ነው። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ በኋላ ግን መምህራኑ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጥተው ሄዱ፤ የሙያ ማእከሉም እንደተጀመረ ቀረ። ሥልጠና በጥቂት እንግዶች ላይ ብቻ ሲመሠረት መጨረሻው ይኸው ነው።

የደን ትምህርት በአገራችን በኮሌጅ ደረጃ የተጠናከረው በ1970 ዓ.ም. በስዊድን እርዳታ የወንዶ ገነት የደን ተቋም ከተመሠረተ በኋላ ነው። ዛሬ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው ይህ ተቋም ያወጣቸው የደን ባለሙያዎች በአገሪቱ ማእዘናት ሁሉ ሠርተዋል። ነገር ግን ወንዶ ገነት ለፋርጣ ልጅ ሩቅ ነው፤ እዚያ ተምሮ የተመረቀውም በአብዛኛው የሚቀጠረው በቢሮ እንጂ በቀበሌ አይደለም።

ሌላው ታላቅ እርምጃ ከ1993 ዓ.ም. ወዲህ በአገሪቱ 25 የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች መከፈታቸው ነው። ከ60 ሺህ በላይ የልማት ሠራተኞች ሠልጥነው በየቀበሌው በሰብል፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት ሦስት ሦስት ሆነው እንዲመደቡ የተደረገው በዚሁ ነው። በአማራ ክልል ከነዚህ ኮሌጆች አንዱ ከደብረ ታቦር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በወረታ ይገኛል። የደቡብ ጎንደር ሰው ከዚህ የቀረበ ኮሌጅ ሊመኝ አይችልም።

እንደዚህም ሆኖ ክፍተቱ አልተደፈነም። ለተፈጥሮ ሀብት የሚመደበው የልማት ሠራተኛ ደንን የተማረው ከአፈር ጥበቃና ከውኃ ሥራ ጋር ተዳብሎ ነው። ቀበሌው ከደረሰ በኋላም የእርከን ዘመቻ፣ የማዳበሪያ ሥርጭት፣ የብድር ምዝገባና ስብሰባ ጊዜውን ይሻሙታል። ጥቂት እንደቆየም ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል፤ ወይም ትምህርቱን ቀጥሎ ይሄዳል። ዛፍ ግን አሥርና ሃያ ዓመት የሚጠብቀውን ሰው ይፈልጋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭትም የመንግሥት ሠራተኛ እንደልቡ ወደ ገጠር ለመውጣት እንዳይችል አድርጎ ሥልጠናውንና ልማቱን አሰናክሏል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ከደኑ አጠገብ የሚቀረው የቀበሌው ተወላጅ ብቻ ነው። ስለዚህ ሙያውም መቀመጥ ያለበት በዚሁ ተወላጅ እጅ ነው።

በዚህ ረገድ ከአፍሪካ ጎረቤቶቻችን ልምድ መቅሰም ይቻላል። በታንዛኒያ አሩሻ አጠገብ የሚገኘው የኦልሞቶኚ የደን ማሠልጠኛ ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመስክ የደን ሠራተኞችን በምስክር ወረቀትና በዲፕሎማ ሲያሠለጥን ቆይቷል። በሞሺ ደግሞ የደን ኢንዱስትሪ ማሠልጠኛ ተቋም እንጨትን መሰንጠቅን፣ ማድረቅንና መጋዝ መሞረድን የመሰለውን ሙያ ያስተምራል። ዛፍ ማሳደግና ዛፍን ወደ ዕቃ መለወጥ ሁለት የተለያዩ ሙያዎች መሆናቸውን ተረድተው ለሁለቱም ትምህርት ቤት ከፍተዋል።

ምን ዓይነት ሥልጠና ያስፈልጋል?

ለደቡብ ጎንደር ደጋ የሚበጀው ሥልጠና በሦስት ደረጃ ቢከፈል ጥሩ ነው። የመጀመሪያው በቀበሌ የገበሬ ማሠልጠኛ ማእከል ለጥቂት ሳምንታት የሚሰጥ ሲሆን ለችግኝ ጣቢያ ሠራተኞች፣ ለደን ጠባቂዎችና ለባሕር ዛፍ ቆራጮች የሚሆን ነው። ሁለተኛው በወረታ ኮሌጅ ለአንድ ዓመት ያህል የሚሰጥ የምስክር ወረቀት ነው። ሦስተኛው በሥራ ላይ ቆይተው ብቃታቸውን ላስመሰከሩት የሚከፈት የዲፕሎማ ትምህርት ነው። በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም በቅርብ ያለ በመሆኑ ለኮሌጁ መምህራንና ለዘር ምርመራ ሥራ እገዛ ሊያደርግ ይገባዋል።

ትምህርቱ ከግማሽ በላይ በመስክ መሆን አለበት። ሠልጣኙ ዘር ከመልቀም እስከ ማፍላት፣ ከመትከል እስከ ማሳሳት፣ ከመቁረጥ እስከ መለካትና መሸጥ ያለውን ሥራ በእጁ ሠርቶ ማሳየት ይኖርበታል። ምዘናውም በወረቀት ሳይሆን በጉቶውና በችግኙ ላይ ቢሆን ይመረጣል። የመሰንጠቂያ መጋዝ አጠቃቀምና የአደጋ መከላከል ትምህርት ሊዘለል አይገባም፤ ዛፍ ወዴት እንደሚወድቅ ሳይገመት በመቆረጡ የሰው ሕይወት ሊጠፋ ይችላልና። ቄሰ ገበዞችና ሽማግሌዎችም በመምህርነት ቢጋበዙ መልካም ነው። የትኛው ኮሶ ሴቴ እንደሆነ፣ የትኛው ጥድ በየትኛው ወር እንደሚያፈራ ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

በሠልጣኞች አመራረጥ ረገድ ሴቶች ወደ ኋላ እንዳይቀሩ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ማገዶ የሚሸከሙት፣ ችግኝ ውኃ የሚያጠጡትና የሚያርሙት በአብዛኛው እነርሱ ሆነው ሳለ ለሥልጠና ሲጠራ ወንዶች ብቻ ቢሄዱ ሥራውና ዕውቀቱ በሁለት የተለያዩ ሰዎች እጅ ይቀራል። መሬት አልባ የሆኑት ወጣቶችም ቀዳሚ ዕድል ቢያገኙ ተገቢ ነው። የሚከፋፈል መሬት በሌለበት ደጋ አንድን ወጣት ከስደት የሚያስቀረው በእጁ ያለው ሙያ ነው።

«ገንዘቡ ከየት ይመጣል?»

ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው። የኮሌጁን ወጪ መንግሥት መሸፈን ያለበት ቢሆንም የሠለጠነውን ሰው በቀበሌው የሚያቆየው ደመወዝ ከደኑ ራሱ ሊወጣ ይችላል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 ከመንግሥትና ከግል ደን ሌላ የማኅበረሰብ ደንንና የማኅበር ደንን በሕግ አውቋል። ስለዚህ የማኅበረሰብ ደን ያለው ቀበሌ ከአጣና፣ ከሣርና ከማር ሽያጭ የሚገኘውን ገቢ በጠቅላላ ጉባኤ ወስኖ፣ ከፊሉን ለደን ሠራተኛው ክፍያ ቢመድብ ሕጉ ይደግፈዋል። በጥሩ ልኬት የተሸጠ አንድ የባሕር ዛፍ ማሳ በግምት ከተሸጠው የሚበልጠው ትርፍ ለዚሁ መነሻ ሊሆን ይችላል። የግል ባሕር ዛፍ ያላቸውም ገበሬዎች ለልኬት አገልግሎት መጠነኛ ዋጋ ቢከፍሉ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ናቸው።

ሌላው ተቃውሞ «አባቶቻችን ኮሌጅ ሳይገቡ ደን ጠብቀዋል» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ደን ምስክር ነው። ነገር ግን ያን ደን ያቆመው ባለቤትነትና ፈሪሃ እግዚአብሔር ነበር። ከቅጥሩ ውጭ ያለው ደን እንዲያ ያለ ጠባቂ ስላልነበረው አልቋል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ገበሬ ማኅበራት በዘመቻ ያለሙት ደን በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ወቅት በብዙ ቦታ እንዴት እንደተጨፈጨፈ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ዛሬም በየቀበሌው አሉ። ሕዝቡ ተክሎት ነበር፤ የእኔ ነው ብሎ ግን አልያዘውም፤ በየዓመቱ ጥቅሙን የሚያሳየውም ሰው አልነበረም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። በሙያተኛ ተለክቶ፣ ተራው ደርሶ ሲቆረጥ ገንዘቡ ለጉባኤው የሚነገርለት ደን ግን ባለቤቱ ይታወቃል።

ከመሪዎች የሚጠበቅ ተግባር

ይህን ሥራ የላይኛው መሥሪያ ቤት ብቻውን እንዲጀምረው መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው። የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ከዛሬ ጀምረው ሊፈጽሙት የሚችሉት ነገር አለ። በቀበሌያቸው ያለውን የማኅበረሰብ ደን ድንበር ከሽማግሌዎች ጋር ዞረው መለየትና መመዝገብ ይችላሉ። ባለፉት ሦስት ክረምቶች ከተተከለው ችግኝ ስንቱ እንደቆመ አስቆጥረው ቁጥሩን በጉባኤ ፊት ማንበብ ይችላሉ። ቁጥሩ የሚያሳፍር ቢሆንም መደበቅ የለበትም፤ ሥልጠናው ለምን እንደሚያስፈልግ ከማንኛውም ንግግር ይልቅ እርሱ ያስረዳልና። ከዚያም በቀበሌው የሚኖሩ፣ ለመቆየት ፈቃደኛ የሆኑ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ወጣት መርጠው፣ የጉባኤውን ቃለ ጉባኤ አያይዘው ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና ለወረታ ኮሌጅ ጥያቄያቸውን ማቅረብ ይኖርባቸዋል። አንድ ቀበሌ ብቻውን ቢጠይቅ ደብዳቤው መዝገብ ቤት ሊቀር ይችላል። የፋርጣ፣ የእስቴና የላይ ጋይንት ቀበሌዎች ተባብረው ቢጠይቁ ግን ኮሌጁ ክፍል የሚሞላ ሠልጣኝ ስለሚያገኝ ፕሮግራሙን ለመክፈት በቂ ምክንያት ይኖረዋል።

ሠልጣኙ ተመርቆ ሲመለስም የሚሠራበት ደን፣ የሚለካበት ሜትርና መጋዝ፣ የሚከፈለውም ገንዘብ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ሊጠብቀው ይገባል። ይህ ካልሆነ ወጣቱ የምስክር ወረቀቱን ይዞ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ መሄዱ አይቀርም፤ ሊወቀስበትም አይገባም።

የመጪው ክረምት ዘመቻ ከመድረሱ በፊት ገና የበጋ ወራት አሉ። ጉባኤ ለመጥራት፣ የቆመውን ችግኝ ለመቁጠርና ሠልጣኝ ለመምረጥ ከዚህ የተሻለ ጊዜ ስለማይገኝ የየቀበሌው መሪዎች ሳይዘገዩ ሊነሡ ይገባል።